ሠላሳው ሳሙና

ጥቅምት ሠላሳ ነው፣ የማሳወቂያው ማብቂያ፣
ሙቀቱ አልወጣም፤ መጋላ ዛሬም መጋገሪያ።
ሰይፈዲን "ሒሳብ" ይለኛል፣ ስሜን አይጠራኝም፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አልዋሸሁትም፣ አልዋሸኝም።
(የዋሸሁት ካለም፣ መዝገብ ላይ የለም።)

ጧት መቶ ሳሙና ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤
ሠላሳውን ወደ በሩ ገፋ፣ መልሶ ቆጠረ።
"ይኼን ያህል?"
"ይኼን ያህል። ከትርፉ።"
በየዓመቱ ይጠይቀኛል፣ በየዓመቱ እነግረዋለሁ።
"ከውጭ የመጣውስ?"
"ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሕጉ ቀለም አይለይም፣
ሠላሳ ለእርስዎ፣ ሠላሳ ለእነሱም።"
"ታዲያ ለምን አያልባቸውም?"

እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ስለ እፎይታው ዘመን፣
መልካ ጀብዱ ላይ፣ አጥር ውስጥ ስላለው፣ ስለዚያኛው ወገን፤
ጥቂት ዓመት ከግብር ነጻ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ
ትርፉ አልጋ የሚይዝ፣ እፎይታው ባለቀ ማግሥት ታሞ።
እናት ኩባንያ አለችው፣ ባሕር ማዶ ሆና፤
"ለስሜ ኪራይ" ትላለች፣ "ለምክሬ" ትላለች፣ ደረሰኟ ጤና።
እኔ የማውቃት እናት ጡት ነበር የምትሰጥ፤
ይቺ ከልጇ ስትጠባ አየሁ፣ ሳትደነግጥ።

ይኼን ግን አልነገርኩትም።
ፍርሃት አይደለም። እኔው ነኝ፣ በማታ ሥራ፣
የእናትዬዋን ደረሰኝ ሳደራጅ የከረምኩ፣ በሰዓት ሒሳብ፣ በአደራ።

ዶሴው በብብቴ፣ ሰይፈዲን ከፊቴ፤
ባጃጁ በነጠረ ቁጥር አብሮ ይነጥራል አንጀቴ።

ደቻቱን ተሻገርን። አሸዋ፣ ኳስ፣ ፍየል፤
ወንዝ ነው ብትለው እንግዳ ሰው ሳቅ ብሎ ያልፋል።
በዚያ ሌሊት ግን መጣ። መጋዘኑን በሙሉ ጠጣ፤
ሲነጋ ነጭ አረፋ ለብሶ እንደ ሙሽራ ወጣ።
ኪሳራውን ጻፍኩት። ሕጉ እዚህ ላይ ደግ ነው፣
አምስት ዓመት ያሻግራል፣ ዓመት ለዓመት እያቀበለው።
ዘበኛው ሮብሌ ግን፣ ስሙ በሱማሌኛ ባለ ዝናብ የሆነ፣
የመጋዘኑን ቁልፍ እንደታጠቀ ከውሃው ጋር የባከነ፣
የትኛው ተራ ቁጥር ላይ ይመዘገባል?
ስንት ዓመት ይሻገራል?
ያኔ ሰይፈዲን ይኼን ጠየቀኝ። ቅጹን አገላበጥኩ፤
"ልዩ ልዩ ወጪ" የሚለው ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ፣
አነሳሁት።

ከዚራ። አንድ ማራገቢያ፣ ሦስት መስኮት፣ ረጅም ወረፋ፤
ከፊታችን የመልካ ጀብዱው ሚስተር ሊዩ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ፊቱ የከፋ።
እሱም ያልበዋል ለካ።
የያዘውን ቅጽ አየሁት፤ የእጄን ሥራ አወቅኩ፤
ከታች፣ ድምሩ ሥር፣ ክብ ያለች ዜሮ። አንገቴን ሰበርኩ።
ማኅተሙ ለዜሮውም ለሠላሳውም አንድ ድምፅ ነው የሚያሰማ፤
ጧ። ቀጣይ።

ሰይፈዲን ከፈለ። አላጉረመረመም፤
ደረሰኙን አነበበ እንጂ ኪሱ አልጨመረም።
"ሕጉ 'ነዋሪ ድርጅት' ይላል" አልኩት፣ ዝምታው ሲከብደኝ።
"ማነው ነዋሪ?" አለኝ።
"እዚህ የተቋቋመ። ወይም ከዚህ የሚመራ።"
"ውሃ የወሰደበትስ?"

በረንዳው ላይ ሊዩ የቀለም እጁን በግድግዳው ሲጠርግ፣
ሰይፈዲን ከኪሱ ሳሙና አወጣ፣ ሰጠው። ሊዩ ቦርሳውን ሲፈልግ፣
"ስንት ነው?" ሲል በተሰባበረ አማርኛ፣
"ውሰድ" አለው፣ "ግብሩ ተከፍሎበታል።"
ከሠላሳው ይሁን ከሰባው፣ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።
ሁለተኛ ሳሙና ይዞ ነበር።