ትንፍሽ

የሞሪንን አንገት፣ እኔ ነኝ የማውቀው፤
ጣቴን ሐምራዊ ውስጥ፣ ነክሬ የማንቀው።
ሃያ ሁለት ዓመት፣
«መዝገብ ቁጥር ዘጠኝ» ሲቀረጽ በዚህ ከተማ፣
እሷ ባትሞትለት፣
መርማሪው ከየት ያመጣ ነበር ያን ሁሉ ግርማ?

አንዴ ሐይቅ ዳር ወድቃ፣
አንዴ በመኪና ኮፈን ተጠቅልላ፣
አንዴ ከብረት ፋብሪካው ጓሮ፣ የጥቅምት ጭቃ ላይ።
«ትንፋሽ!» ይላል ዳይሬክተሩ፤
ያዢ ማለቱ ነው፤ ትይዛለች።
ትንፍሽ አትልም።
ውሏ ለሬሳ ነው፤
ቃል ለሚወጣው አፍ ሌላ ዋጋ አለው።

ከተማችንም እንደሷ ነበረች፤
ሃሚልተን ተብላ አታውቅም፣ ሁልጊዜ ሌላ ነች።
ሰኞ ቺካጎ ትሆናለች፤
የመኪናው ታርጋ ይነቀላል፣
የባርተን መንገድ ስም በጨርቅ ይሸፈናል፣
«ለቺካጎ ንጹሕ ነው» ተብሎ
ከጭነት መኪና ቆሻሻ ወርዶ ይበተናል፤
ሲመሽ ያው ቆሻሻ፣ ተለቅሞ፣ ተቆጥሮ ይመለሳል።

ዘንድሮ ግን ወሬ መጣ፦
እናትየው ሳትሞት፣ ልጅ ርስት ወረሰ።
«መዝገብ ቁጥር ዘጠኝ፦ ሃሚልተን» ተባለ።
ያው ሙዚቃ፣ ከበሮ ተጨምሮበት፤
ያው ካፖርት፣ ሌላ መርማሪ ገብታበት።
ሞሪን ኮቫልቹክም፣ ወረቀት ደረሳት፤
ምስክር ነሽ አሏት፣
አንድ መስመር ሰጧት፦
«እኔ ምንም አላየሁም።»
ሃያ ሁለት ዓመት ዓይኗን ለጨፈነች
ከዚህ የበለጠ እውነት ማን ይጻፍላት?

ያን ዕለት ማለዳ ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ
እጄ ግራ ገባው።
ለሞት ቀለም አለኝ፣ በየፈርጁ፤
ለሰመጠች፣ ለተመረዘች፣ ሦስት ቀን ሜዳ ላደረች።
በሕይወት ላለ ሰው ምን ይቀባል?
«ጉንጬን ቀላ አርጊው» አለች፣
«አውቶቡስ ሮጣ እንደደረሰች ሴት።»
ቀና ብዬ አየኋት።
ዓይኗ አረንጓዴ ነው ለካ!
ፊሎሜና፣ አልኩ ለራሴ፣
ያን ሁሉ ዘመን ደጁን ስትቀቢ
አንድ ቀን እንኳ አላንኳኳሽም።

ካሜራው ሲነሳ፣ ትንፋሿን ያዘች።
መርማሪዋ ጠየቀች፤ ሞሪን ዝም።
ደግመው ጠየቋት፤ ዝም።
በሦስተኛው ጭራሽ ዓይኗን ከደነች፣
አንዱ የመብራት ልጅ ሳቀ።
«ሞሪን» አለ ዳይሬክተሩ፣ ቀስ ብሎ፣
«እዚህ ላይ እኮ አልሞትሽም።»
«ይቅርታ» አለች፣ «ረስቼው።»

በሰባተኛው ወጣ።
ድምፅዋ ሻካራ ነው፤
ክረምቱን ተዘግቶ የከረመ መስኮት
በትከሻ ገፍተው ሲከፍቱት እንደሚለው።

ጥር ላይ ተላለፈ። እሷ ቤት አየነው፣
ባርተን መንገድ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ፤
እህቷ ኦክሳና ከሳድበሪ መጥታ፣
ድንች ጥብስ በሳህን፣ ሦስት ሹካ፣
ማሞቂያው እየተንኳኳ።
ተራዋ ደረሰ።
ካሜራው ግን መርማሪዋን ያያል፤ የሚያምር ፊቷን፣
ከጀርባዋም የመንገዱን ታፔላ፣ ባርተን፣ ጨርቅ የሌለበትን።
ሞሪን የለችም።
ድምፅዋ ብቻ፣ ከዳር፦
«እኔ ምንም አላየሁም።»

«ፊቷስ?» አለች ኦክሳና፣ ሹካዋን ወርውራ።
እኔም ያን ቅላት አሰብኩ፤
አንድ ሰዓት ሙሉ የለፋሁበትን።
ሞሪን እጇን አነሳች፣ ዝም በሉ ብላ።
ወደኋላ መለሰችው።
ሰማችው።
አሁንም መለሰችው።
እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ አንገቷን አየሁ፣ ያን የማውቀውን፤
ቃሉ ሊወጣ ሲል ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ የሚለውን።