ጥያቄ ሦስት

በቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት ሲንጣጣ፣
ከደቻቱ አሸዋ ትኩስ ንፋስ ሲመጣ፣
ጠመኔው ላብ ጠጥቶ ሲፈርስ በጣቴ፣
«የግመል መኖሪያ» የዕለቱ ትምህርቴ።

ሱዳን አልኩ፣ ሶማሌ፣ ኬንያ፣ የአፋር ምድር፣
ሁለት ሻኛ ያለው በሞንጎል ብርድ የሚኖር፤
ከዚያ በካርታው ጥግ፣ ከባሕሩ ማዶ፣
አውስትራሊያም አለ በመርከብ ተሰዶ፤
ብዙ ሺህ ነው አልኩኝ፣ እንደ መጽሐፉ ቃል፣
«ባለቤት የለውም፤ እንዳሻው ይውላል።»

ሂቦ ዋበሪ ናት ከኋላ የተነሣች፣
ቀለም የነካው ጣቷን ከፍ እንዳደረገች፦
«ቲቸር፣ ማን ያልበዋል?»
ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ።
«ስሙንስ? ማን ይጠራዋል?»
ደወሉ ተደወለ፤ መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ።

በነጋታው ጧት በር ላይ አንድ ረጅም ሰው፣
ሽርጡን ያጠበቀ፣ ጢሙን ሂና ያቀላው፣
ግመሉን ከኒሙ አስሮ፣ ዘበኛውን አስቆጥቶ፣
«መምህሩ የታል?» አለኝ፣ እኔኑ ትክ ብሎ አይቶ።

«ልጄን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳት፤
ጌታ የሌለው ግመል አለ ብለህ ነግረሃት።
ውሸት ነው። እኔ ዋበሪ፣ ከሽንሌ እስከ አይሻ፣
ማኅተም ያጣ አንገት አልዳሰስኩም እስከ መጨረሻ።
ጠፍቶ ይሆናል በል። የጠፋ ሌላ ነው፤
የጠፋ ግመል ፈላጊ አለው።»

ካርታውን አወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ዘረጋሁ፤
የማውቀውን ሁሉ፣ ብዙም አይደል፣ አወራሁ፦
እንዴት ከሕንድ ወደብ በገመድ እንደተሰቀሉ፣
በመርከቡ ሆድ ውስጥ ስንት ሳምንት ተንበርክከው እንደዋሉ፤
ውሃ እንደተሸከሙ፣ የበግ ጠጉር፣ ለሐዲድ የሚሆን እንጨት፣
ሐዲዱ ሲያልቅ ደግሞ፣ መኪናም ሲመጣበት፣
«ከእንግዲህ አያስፈልጉም፤ ግደሏቸው» እንደተባለ።
ዋበሪ አንገቱን ነቀነቀ፤ «አይሱዙ» ብቻ አለ፤
የእሱንም ጭነት አይሱዙ ከነጠቀው
አሥር ዓመት ሆኖታል። ከሰል ነው የቀረው።

«ነጂዎቹ ግን» አልኩት፣ «መግደል አልሆነላቸው፤
በሌሊት ገመዱን ፈትተው ለቀቋቸው።»

ዝም አለ።
ግመሉ የኒሙን ቅጠል ቀንጥቦ አላመጠ።
ዘበኛው ሳይቀር ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ፈቱት? አልገደሉትም?»
«አልገደሉትም።»
«ታዲያ፣ ባለቤት አለው አትልም?
ሞቶበት ነው እንጂ! ያ በጨለማ የፈታው እጅ
ማኅተም አይደለም ወይ፣ እስከ ልጅ ልጅ?»

ካርታዬን ራሱ አጥፎ ሰጠኝና ሄደ፤
ደቻቱ ደርቆ ነበር፤ ግመሉን አስከትሎ በአሸዋው ወረደ።

ሰኔ ላይ ፈተና። ጥያቄ ሦስት፣ ሁለት ማርክ፦
ግመል የት ይኖራል? ሂቦ በሰማያዊ ቢክ
አገር አልጻፈችም፤ አንድ መስመር ነው ያለው፦
«ስሙን የሚያውቅ ሰው ቆሞ ሲጠራው
ድምፁ እስከሚደርስ። ከዚያም ወዲያ፣ ሰውየው እስኪረሳው።»

መልስ መስጫዬ ላይ እንዲህ ያለ መልስ የለም፤
አንድ ሰጠኋት ከሁለት፤ ሌላዋን አልጨመርኩም።

ዛሬም ደቻቱን ስሻገር የእንጨት ቃጭል ከሰማሁ፣
እንደ ባለዕዳ ቆሜ ኪሴን እዳስሳለሁ።