ሦስት ቁልፍ

ቱሉ ዲምቱ ጥግ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የእድራችን ዕቃ
በቆርቆሮ ክፍል ተቆልፎ ይኖራል፤
ሰባ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ጭልፋ፣ በርሜል፣
አንድ ትልቅ ድንኳን፣ ሁለት ቦታ የተጣፈ፣
ስንቱን ለቅሶ ያሳለፈ።

በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተሰድሯል፤
አንዱ ቁልፍ ከሊቀመንበሩ፣ ከአቶ ሸዋንግዛው ዘንድ ያድራል፣
ሁለተኛው በበዳሳ ኪስ፣ ከሳንቲሙ ጋር፣
ሦስተኛው በዘርትሁን አንገት፣ ከማተቧ ክር።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቁልፍ አልተሰጠኝም፤
መዝገብ ነው ያለኝ። መዝገብ በር አይከፍትም።

የደንባችን አንቀጽ ሰባት፦
«ሊቀመንበር ብቻውን ድንኳን አይተክልም፤
ዘሎ ከደንቡ አይወጣም።
ቸኩሎ ቢተክል እንኳ፣ ሰው በድንገት ሞቶ፣
በሁለት ቀን ውስጥ ያስረዳል፣ ጉባኤ ጠርቶ።»
ይቺን የጻፍናት ያኔ ነው፣ የፊተኛው ሊቀመንበር
ድንኳኑን ለአማቹ ሠርግ ሰጥቶ፣ እኛ ለቅሶ በዝናብ ስናድር።

ማክሰኞ ማታ ሬዲዮው ጦርነት ብሎ ፉከራ አሰማ፤
ረቡዕ ጠዋት ሸዋንግዛው ከች አሉ፣ ከረባት አስረው፣ ወልውለው ጫማ።
«ለዘማች መሸኛ ድንኳኑ ይውጣ፤ ከላይ ታዟል፤
አገር ተነክታ፣ አንቀጽ ለመቁጠር ማን ጊዜ አግኝቷል?»

በዳሳ ኪሱን ዳሰሰ፣ ቁልፉን አወጣ፤
ዓይን ለዓይን አላየንም፤ ምድር ምድር እያየ መጣ።
ዘርትሁን ግን ከገመዷ ሥር አልተነሣችም፤
የምትኩን ሱሪ ታሰጣ ነበር፤ አልቸኮለችም።
(ስሙን ምትኩ ያለችው ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤
የፊተኛው ልጇ ከቲቪው በላይ፣ በወታደር ኮፍያ ይስቃል።)

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ይሄ ድንኳን የሐዘን ነው፤
ልጄ ገና ቁርሱን እየበላ ነው።
መርዶው የመጣ ዕለት እኔው ራሴ እከፍታለሁ፤
ያኔ ሦስታችሁንም ደጄ እጠብቃለሁ።»

ማታ ከልጄ ደብተር መሃል ሕገ መንግሥቱን አወጣሁ፤
ለሲቪክ ፈተና የገዛችው ነው፤ አንቀጹን ፈልጌ አገኘሁ።
አስፈጻሚው ያቀርባል፣ የጦርነት አዋጅ ግን የምክር ቤቱ ነው ይላል።
ልጄ በእርሳስ አስምራበታለች፤ ጎኑ ላይ ጽፋለች፦ «ይመጣል።»
ፈተናው ላይ ማለቷ ነው።
እኔ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

እዚያም ለካ ጓጉንቸሩ ሦስት ነው፤ ብረቱም ከኛ ይወፍራል፤
ቁልፎቹ ናቸው እንጂ፣ ካንድ ቀበቶ ላይ ማን አንጠልጥሎ ይተዋል?
እጆቹን በቲቪ አየሁ፤ ጥያቄው ሳያልቅ ተነሡ፤
ቁልፍ አለኝ ብሎ አንገቱን የዳሰሰ አላየሁም ከነሱ።

ቅዳሜ ሽኝቱ ሆነ፤ ድንኳን የለ፣ ፀሐይ፤
ሸዋንግዛው ንግግር አደረጉ፣ ራሰ በራቸው ቀልቶ ሲታይ።
ሃያ ሦስት ልጅ ተሳፈረ። ምትኩም ከነሱ ጋር።
የእናቱ ቁልፍ አውቶቡስ አያቆምም፤
እሷ ያቆመችው ድንኳን ነው፤ ትንሽ ነው፣ አልክድም።

ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ።
አጀንዳ አንድ፦ ድንኳን። በአንድ ቁልፍ ተቃውሞ አልተፈቀደም።
አጀንዳ ሁለት፦ ጦርነት። እኛ ዘንድ አልቀረበም።
ከሥሩ ለፊርማ ሦስት መስመር አሰመርኩ፤
ለማን እንደማስፈርም ግን አላወቅኩ።

በሩን ልፈትሽ ወጣሁ፤ ሦስቱም እንደተዘጋ ነው።
ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ከየረር በኩል ጠቁሯል።
ዘርትሁን ያን ሱሪ እስካሁን ከገመዱ አላወረደችውም።