የበረዶ አካፋ

አባቴ ከችሎቱ በር፣ ከዋርካው ሥር ይቀመጣል፤
ጃንጥላውን በድንጋይ ተክሎ የሰው በደል በገጽ ይሸጣል።
«አመልካች እገሌ፣ ተጠሪ እገሊት፣
ጉዳዩ የወሰን፣ የቀለብ፣ የጥጃ ሙግት።»
ሃምሳ ብር ነው ገጹ፣ ለመበለት ሠላሳ፤
ላለቀሰ ሰው ደግሞ ውሃ በጣሳ።

እኔ ከጓዳው ነኝ፣ ከበርበሬው ጆንያ ላይ፣
በመስኮቱ ስንጥቅ በኩል ኔትወርክ መጣ አልመጣ ሳይ።
ጸሐፊ ነኝ ብዬ ስሜን ካስመዘገብኩ አርባ አንድ ቀኔ፤
ሠላሳ ስድስት ደጅ ጠናሁ፣ በማላየው ሰው ደጃፍ፣ እኔ።
«የተከበሩ ቀጣሪ፣ ማስታወቂያዎን አንብቤ» ስል፣
ሳልጨርሰው አምሳ ሰው ቀድሞኛል፤
ካራቺ ያለው፣ ናይሮቢ ያለው፣
እንደኔው ጉልበቱን አቅፎ ከበሩ ሥር ተኮልኩሏል።
አንዱማ፣ «ናሙና ጻፊልኝ» አለ፣ «እስቲ እንይሽ፤»
ጻፍኩለት፤ ናሙናው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይይሽ።

እናቴ በርበሬ ልትዝቅ ትገባለች።
«ሌሊቱን ሙሉ ከማን ጋር ነው?» ትላለች።
«ከሥራ ጋር» እላታለሁ።
«ታዲያ ምን አለሽ?» ትላለች።

በአርባ ሁለተኛው ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪዬ ዘጠኝ በመቶ ሲቀረው፣
«ውድ አቲ» የሚል መልእክት፤ (አትጠገብ ከብዶት ነው)፤
«የበረዶ አካፋ እንሸጣለን፤ ሦስት መቶ ቃል፣ እስከ ንጋት፤
አራት ዶላር። አንባቢው እጁ ይቀዝቅዝ፣ ይግዛ በድንገት።»

አካፋስ አውቃለሁ፤ አካፋ የማያውቅ ማን አለ ፍኖተ ሰላም?
በረዶ ግን፣ ጎመን ከሚቀጠቅጠው በቀር፣ አይቼ አላውቅም።
እኛ ጋ ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
እንዲህ ዝም ብሎ፣ እንደ ሌባ፣ ደጅ ላይ መች ይከመራል?

ወፍጮ ቤቱ ትዝ አለኝ። የባለ ወፍጮው የይበልጣል ቅንድብ፤
ሚዛኑ፣ ግድግዳው፣ ሸረሪት ድሩ፣ በዱቄት ብናኝ ሲከበብ፤
ሲገፋው የሚመለሰው፣ ወገቡን ይዞ የሚረግመው፤
ያንኑ ወስጄ ብርድ ጨመርኩበት፤ ሦስት መቶ ቃል ሆነ፣ ስመዝነው።
«ወገብዎን ያሳርፉ፣ ደጅዎን ይክፈቱ» አልኩት
ላንድ ሰው፤ ወገቡን አላየሁት፣ ደጁን አልረገጥኩት።

ጠዋት አምስት ኮከብ መጣ፤ «ግሩም፣ አቲ! ብርድ ብርድ አለኝ።»
ዶላሩ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ «አገርሽ ከዝርዝሩ የለም» አለኝ።
የአጎቴ ልጅ ቢተው፣ አዲስ አበባ፣ በወዳጁ ሂሳብ ተቀብሎ፣
ሩቡን ለድካሙ ቀንሶ፣ ቀሪውን ላከው፣ «ለካርድ ይሁንሽ» ብሎ።

ማታ ላባቴ አነበብኩለት፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ።
ዝም ብሎ ሰማኝ። «ስምሽ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። «የለም» አልኩ።
«ፊርማሽስ?» «የለም።» ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።
«እኔስ ሃያ ሰባት ዓመት ስጽፍ ስሜን የት አየሽው?
ጣቱን ቀለም የሚነክረው ሌላ ነው፤ እኔ ከዋርካው ሥር ቀረሁ፤
ላሚቱ ግን በኔ ቃል መጣች፤ በደጄ ስታልፍ አየሁ።»
አንድ ነገር ቅር አለው፤ ጣቶቹን አጥፎ ቆጠረ፤
«ሦስት መቶ ቃል ላካፋ? ሁለት መቶው ትርፍ ነበረ።»

ኔትወርክ ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ። ስልኬ ከኪሴ ተኝቷል።
ምናልባት አንድ ሰው «ውድ አቲ» ብሎ፣ መልስ አጥቶ፣ ሌላ ቀጥሯል።
ከዋርካው ሥር በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

አንዲት መበለት መጡ፤ ሠላሳ ብር ከመቀነታቸው አወጡ፤
«አንቺም ትጽፊያለሽ?» አሉኝ፣ ካባቴና ከኔ እያማረጡ።
«እጽፋለሁ» አልኳቸው። ብዕሩን አባቴ አቀበለኝ።
«ማን ልበል? ስምዎን ከላይ፣ በደሉን ከሥር ይንገሩኝ።»