ከማል ያልነገረኝ

ይድረስ ለአቶ ከማል፣ ሸርፍ ተራ፣ ደሴ፤
አመልካች፦ እንጉዳይ፣ ጸሐፊዋ፣ ራሴ።
ጉዳዩ፦ አምና በጥር የሸጥክልኝ ዕቃ፤
ገንዘብ አልጠይቅም፤ እንድታውቀው በቃ።

ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከጎማ ቤት በረንዳ፣
ሃያ ዓመት ስቀጠቅጥ የሰው ቂም፣ የሰው ዕዳ፣
የጽሕፈት መኪናዬን ማታ ማታ አዝዬ
ወገቤን ስደግፍ ጠዋት «ወይኔ» ብዬ፣
አንተ ነህ የጠራኸኝ።
«ኪሎ እንኳ አትሞላም» አልከኝ አንጠልጥለህ፣
በሁለት ጣትህ ብቻ እንደ ጫጩት ሰቅለህ፤
«ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች ከመሐረብሽ ጋራ፤
ስድስት ሰዓት ትቆያለች መብራት እስኪበራ።»
እቁቤ ደረሰኝ። ቆጠርኩልህ። ወሰድኳት።
እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ወደድኳት።

የቧንቧ ውሃን ዳገት ሳላርፍ ወጥቼ፣
የተሳሳትኩትን በአንድ ጣት አጥፍቼ፣
አንዱን ባል ሰርዤ ሌላ ባል ተክቼ፣
በሩብ ሰዓት ሦስት ፍቺ ጽፌ ሸኝቼ፣
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ።

የነገርከኝ ልክ ነው። ያልነገርከኝን ስማ።

ስድስት ሰዓት ያልከው ክረምት ሲገባ ሁለት ሆነ።
መብራት የሄደ ዕለት፣ ሶኬት ፍለጋ ብዬ
ጄኔሬተር ካለው ካፌ ተወትፌ፣
የማልወደውን ኬክ በውሃ አሳልፌ፣
አንድ ማመልከቻ ስጨርስ ጽፌ
ኬኩ ይበልጣል ከትርፌ።

ገመዷ ተቃጠለ። የሷ ዓይነት ደሴ የለም።
ከኮምቦልቻ መጣ፣ የታክሲው ተጨምሮ።
ላም የሸጠ ሰው እንኳ ገመዱን ይመርቃል፤
የላፕቶፕ ገመድ ግን ላሟን ያስንቃል።
ፊደሏ ደቃቃ ነው፤ መነጽር ገዛሁኝ።
እሱንም ደምርበት።

መስኮቷም ጠባብ ናት፤
በደሉ ሲታየኝ ዳኝነቱ ይሰወራል፣
ዳኝነቱን ሳየው በደሉ ከላይ ይቀራል።
(አንዳንድ ዳኛም እንዲህ ነው መሰል የሚያነብ።
እኔ ግን አላልኩም።)

የእህቴ ልጅ አራጋው «ፊልም ልጫን» ብሎ
ፍላሹን ሰካባት ቫይረሱን አዝሎ።
ጠዋት ስከፍታት የአርባ ሰው አቤቱታ የለም።
ጠጋኙ ልጅ ሳቀ፦ «ቅጂ አልያዝሽም እንዴ?»
በኔ ዘመን ቅጂ ካርቦን ነው፣ ወንድሜ።
ሦስት ቀን ታክማ ዳነች።
እሱንም ደምርበት።

ባለፈው ነሐሴ ይማም ከገራዶ መጣ፤
ስድስት ዓመት በወሰን ሲወርድ፣ ሲወጣ።
«ፋይልህ ጠፍቷል» አሉት፤ የቤቱም ቅጂ ርሶ
ከነማኅተሙ ቀርቷል እንደ ሊጥ ተለውሶ።
ስሙን ልጽፍ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ሁለት ፊደል
ብቅ አለ ከነግራሩ፣ ከነወንዙ፣ ከነገደል፣
ከነምስክሮቹ፤ ሁለቱ ሞተዋል።
ይማም ላፕቶፗን አላየም። እኔን አየኝ፣ ቆየና
«አንቺ» አለኝ፣ «ይኼን ሁሉ ራስጌሽ አስቀምጠሽ
እንዴት ነው የምትተኚው?»

እስከዚያች ቀን ድረስ እተኛ ነበር፣ ከማል።

መኪናዬ ትረሳ ነበር። ወረቀቷን ተፍታ
ባዶዋን ታድራለች፣ ጨርቅ ተከናንባ፣ ማታ።
ይቺ ግን አትረሳም።
ጦይባ ከባሏ ታርቃ ሴት ልጅ ወልዳለች፤
እዚህ ውስጥ ግን ጦይባ ዛሬም ትከሳለች።
ባለዕዳው ሞቷል፤ ዕዳው ስሙን እየጠራ
አረንጓዴ መብራቷ ሌሊቱን ሲያበራ፣
ሲጠፋ፣ ሲያበራ።
የከተማው ጠብ ሁሉ በአንዲት ቦርሳ ታጭቆ
ዳገቱን ከኔ ጋራ ይወጣል።
ኪሎ አትሞላም ያልከው በየትኛው ሚዛን ነው?

ላጥፋው ብዬ አንድ ሌሊት ጣቴን አሳረፍኩባት።
ይማም ትዝ አለኝ።
ክዳኗን ዘግቼ ጋቢዬን ደረብኩባት።

ስለዚህ፣ አቶ ከማል፣ ገንዘቤን አልልህም፤
መልሺያት ብትለኝም ላፕቶፗን አልሰጥህም።
የምጠይቀው ዳኝነት አንዲት ነገር ናት፦
ነገ ለሌላ ደንበኛ ከመደርደሪያው ስታወርዳት
በሁለት ጣት አታንጠልጥላት።
በሁለት እጅህ ስጣት።