ያልተቀባ ፊት

አርብ ማለዳ ነው፤ ሙምባይ ዝናብ አርግዛ፣
ቾር ባዛር ነቅታለች ጉዷን ሁሉ ይዛ፤
ክንፉ የረገፈ ማራገቢያ፣ የናስ በር እጀታ፣
የሙታን መነጽር ሳይቀር ተዘርግቶ በተርታ።
ቡርሃኑዲን ደግሞ ሰዓቶቹን በትሪ
አቅርቦ ይምላል በአንዱ ፈጣሪ።

ሁሉም ያብረቀርቃል። ያ ነው የሚያስፈራኝ።
የስድሳ ዓመት ሰዓት እንዴት ወጣት መሰለኝ?
ፊቱ ትናንት ማታ በብሩሽ ተቀባ፤
ስድስቱ ተንጋዶ ሰባት ቤት ሊገባ፤
ከፋብሪካው ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል፤
ላም ባልዋለበት ሜዳ ኩበት ያስለቅማል።
ጠርዙን በአውራ ጣቴ አሸት ሳደርገው፣
ቅኔው ተገልብጧል፤ ወርቁ ከላይ ነው።

ሰዓት ሠሪው መምህሬ፣ ሽማግሌው ካይኮባድ፣
ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ አልችል ቢል መሄድ፣
እንዲህ ይለኝ ነበር፦ "በፊት አትታለል፤
ጀርባውን ገልብጠህ ክዳኑ ሥር አስተውል።
የብሎኑ አናት ቆስሎ ካየህ ድንገት፣
የኩሽና ቢላ ነው የገባበት።
ዝገት ከእርጥበት ነው፤ ዝገት አይዋሽም፤
የሰኔን ዝናብ ማንም አይደብቅም።
በመጨረሻ ጆሮ። አስጠጋው። ስማው።
ልቡ ያነክሳል ወይ? ካነከሰ፣ ተው።"

ከትሪው ጥግ አንዱ ኩርምት ብሎ ነበር፤
ፊቱ ወይቧል እንደ አሮጌ ወረቀት ዳር።
ጎኑ ላይ ጭረት አለ፣ በጥልቁ የዘለቀ፤
ግን ማንም አልሞረደው፣ ማንም አልፈቀፈቀ።
ጭረቱስ ከየት መጣ? ከመርከብ ብረት ይሆን?
ከበር? ከትዳር ጠብ? ማን ያውቃል ሁሉን።
የሰዓት ነጥቦቹ፣ በጨለማ ይበሩ የነበሩ፣
ከመርፌዎቹ ጋር እኩል ጠቁረው ቀሩ።

ክዳኑን ከፈትኩት።
አራት ሰዓት ሠሪዎች ከውስጡ ጽፈዋል፤
የጠገኑበትን ቀን በመርፌ ጭረዋል፤
አንዱ ፊደሉ ደቃቅ፣ አንዱ የሚንቀጠቀጥ፣
ሌላው ቸኩሎ፣ ሳይጨርስ የሚያመልጥ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ። ልክ እንደ ወታደር፣
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ምንም ሳይደናገር።

ቡርሃኑዲን አፈረ፦ "ይሄ ቆሻሻ ነው፤
ሁለት ቀን ስጠኝና ቀብቼ ላሳምረው።"
"አይ፣ ተወው" አልኩና ፊቴን አጨፈገግኩ፤
"ጭረቱን አየኸው?" ብዬ ዋጋ ሰበርኩ።
ስምንት መቶ ሩፒ ቆጥሬ ሰጠሁት፤
ሃያ እጥፍ እንደሚያወጣ እያወቅሁት።
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በባቡር ስመለስ፣
እጄን ከኪሴ አላወጣሁም ቤት እስክደርስ።

ካይኮባድ ተቀበለኝ፤ በጥፍሩ ዳሰሰው፤
እስትንፋሱን ይዞ ብዙ አዳመጠው።
"ጤነኛ ነው" አለኝ። "በስንት ነው የያዝከው?"
ነገርኩት። ዝም አለ። ሰዓቱን አስቀመጠው።
"የሱን ልብ ሰምቻለሁ፤ አያነክስም ከቶ፤
አሁን አንተን ላድምጥ" አለ እጁን ዘርግቶ።

በሳምንቱ ተመለስኩ ገንዘብ ቋጥሬ፤
ሁሉንም ነገርኩት አንድ በአንድ ዘርዝሬ።
ቡርሃኑዲን ሳቀ። "እጅ ለእጅ ተያይዘን
ያለቀ ዋጋ ነው፤ አናነሳውም ደግመን።
ግን እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ጭረት፣ ይሄ መወየብ፣
ይከፈልበታል?" ብሎ ገባ ከሐሳብ።

በሦስተኛው አርብ ትሪው ተለውጧል፤
ያልተቀባው ሁሉ ከፊት ተቀምጧል፤
ሰውዬው ዓይኑ ላይ አጉሊ ሰክቷል፤
የጭረቱን ዋጋ በሦስት አባዝቷል።
አንዱን አንስቼ ዋጋውን ሲነግረኝ፣
ከንፈሬን ነከስኩ፤ መምህርነቴ ቆጨኝ።

የኔው ሰዓት አለ። ከእጄ አልወረደም።
በቀን ሦስት ደቂቃ ይቀድመኛል ዛሬም።
ካይኮባድ "ላርመው" አለኝ።
አልሰጠሁትም።