ሮንዴላዋ

ጋራዤ ሦስት ቆርቆሮ ነው፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣
በላዬ አስፋልት ያልፋል፣ ከአስፋልቱ በላይ ሰማይ።

ሞተሯን ገፍቷት መጣ፣ ይልቃል፣ ላብ አጥምቆት፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱ አስጨንቆት።
«ሁለት መቶ ሃምሳ ናት ብለው ሸጡልኝ» አለ፣
«እንኳን ሁለት መቶው፣ ሃምሳውም የታለ?
ፒያሳ ልወጣ ጋዝ ስጨምርባት፣
አህያ ቀደመችኝ፣ ሲሚንቶ ተጭኖባት።
የመጣችው» አለኝ፣ «ደንብ ከበዛበት፣
ድምፅ ተመዝኖ፣ ጭስ ከሚቆጠርበት።»

ሳቄን ዋጥኩት እኔ።
ከላያችን፣ አስፋልቱ ላይ፣ ኢሱዙው ያጉረመርማል፣
ሚኒባሱ ጥቁር ሻሽ ለሰማይ ይጠመጥማል፤
ይኸን የሚለካ ሚዛን ቢያመጡለት፣
ሚዛኑም በሳለ፣ ሐኪም በጠሩለት።

ካቻቢቴ አነሣሁ።
ማርሚታዋን ፈታሁ፤ ጣቴን ሰድጄበት
አንዲት ሮንዴላ አገኘሁ፣ በብየዳ ታትማበት፤
በዚያች ቀዳዳ ነው፣ ሳንቲም በማታሳልፍ፣
ደረተ ሰፊዋ ለትንፋሽ የምትሰለፍ።
ፊልትሮው አፍ ላይ ላስቲክ፣
ጋዙ ገመድ ሥር ቡሎን፣
«እስከዚህ ብቻ» የሚል።
የሰው አገር ሕግ ለካ በብረት ይጻፋል፣
በዝምታ ገብቶ ደረት ላይ ያርፋል።

ሮንዴላዋን በመሮ ከብየዳው ለየኋት፤
ቡሎኗን አሳጠርኳት፣ ላስቲኳን ቆረጥኳት፤
እጄ ሲሞቅ ጊዜ ጂግለሩንም ነካሁ፣
ከቆርኪ ውስጥ መርጬ ሰፊውን ተካሁ።

ያኔ ነው ያፈርኩት።
ሲያስነሣት አስነጠሰች፣ ካንዴላዋ ጠቆረ፣
ከላይ ካለው ኢሱዙ ጭሷ ተባበረ።
ሙያ ያስተማረኝ፣ ነፍሱን ይማርና፣
ጋሽ መሸሻ ያለኝ ትዝ አለኝ እንደገና፦
«ተራራ ላይ ነን እኮ፤ አየሩ ስስ ነው፤
ነዳጅ ስታበዛ ሞተርን ማነቅ ነው።»
ትንሿን ጂግለር መለስኳት።
የማያውቁን ሰዎች ደንብና የኛው ተራራ
በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ ላይ
ተስማምተው አገኘኋቸው።

አሁን ረገጣት።
እሪ አለች! ቆርቆሮው ሁሉ ተርገበገበ፣
ርግቡ ከጣራው ተነሥቶ ሰማይ ላይ ተሰበሰበ፤
ይልቃል ልጅ ሆነ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጣ፤
ሳቁ ሳያልቅ ግን ጎረቤቴ መጣ፤
ሐምሳ አለቃ ደርሰህ፣ የባንክ ዘበኛ፣
ሌሊቱን የሚቆም፣ ቀን ነው የሚተኛ።
በጋቢው እንዳለ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ባዶ፣
«ደንብ የለኝም» አለ፣ «ጆሮ ነው ያለኝ፤
ዛሬም ቆሜ ነው የማድረው፤ እባክህ አስተኛኝ።»

የሰፈሬ ስም እሪ በከንቱ ነው፤
እሪ ያለ ሰው ሰሚ አጥቶ የቀረበት ይላሉ።
ይኼ ሰው ግን እሪ አላለም።
በሹክሹክታ ነው የነገረኝ፤
ለዚህ ይሆናል የሰማሁት።

ከሱቅ ስድስት ሽቦ ገዛሁ፣ የድስት መፈግፈጊያውን፣
ማርሚታዋ ሆድ ውስጥ ጎሰጎስኩ፣ መተንፈሻዋን ሳልዘጋ፤
እሪታዋ ጉርምርምታ ሆነ፣ ጉልበቷን ሳልወጋ።
ደንብ አወጣሁ እኔም፣ በአንድ ሰው እንቅልፍ ልክ፣
ማኅተም የሌለው፣ ቅባት የነካው።

ይልቃል ከፈለኝ፤ የሽቦውን ዋጋ ብቻ ተከራከረ።
ሽቅብ ነዳት።
በጆሮዬ ተከተልኳት፦
ሁለተኛ፣
ድልድዩን ስታልፍ ሦስተኛ፣
ዳገቱ አናት ላይ፣ አዎ፣ አራተኛ፤
ከዚያ ፒያሳ ዋጣት።
የሐምሳ አለቃ መጋረጃ አልተነቃነቀም።

ሮንዴላዋን ሚስማር ላይ ሰቅያታለሁ፤
ሌላ ባለሞተር ሲመጣ አሳየዋለሁ።
ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ተቀምጬ ሳያት፣
ከላይ ኢሱዙ ባለፈ ቁጥር
ቅጭል ትላለች፣ ቅጭል፣
የምትቆጥር ይመስል።